ንፍፊት ነው ብዬ ያሳሸሁት

ጫማ ማስወለቅ ሥራዬ ነበር። ሰበታ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ስምንት ዓመት ፈታሽ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሴቶቹ ከፈረቃ ሲወጡ አንድ በአንድ በእጄ ያልፋሉ፤ ብብት፣ ወገብ፣ ጡት ማስያዣ ሥር፣ በመጨረሻ ጫማ። በጫማዋ ውስጥ ክር ጠቅልላ የምታወጣ ነበረች፤ ሆዷ ላይ ጨርቅ ጠምጥማ እርጉዝ የመሰለችም ነበረች። ሁለቱንም ይዣለሁ። ከኋላዬ «ራጅ» እንደሚሉኝ አውቅ ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር። ይህቺ ራጅ የተባለች ሴት የራሷን እግር ሳትፈትሽ ሞት ደጃፏ ድረስ እንዴት እንደመጣ ነው የምጽፈው። የታመመ ሰው ቢያነበው ይጠቅመዋል ብዬ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን መጨረሻ ላይ እናገራለሁ።

ስሜ ዘነበች ነው። በግራ ተረከዜ ሥር ያቺን ጥቁር ነጥብ መጀመሪያ ሳያት የኑግ ፍሬ ታክል ነበር። አታምም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የምውል ስለሆንኩ ጠጠር ወግቶኝ ደም ቋጥሮ ነው ብዬ ተውኳት። ከወራት በኋላ ባቄላ አከለች፤ ጠርዟም ተዛንፎ ወጣ ገባ ሆነ። ያኔ ተናደድኩ። እኔ ስናደድ እጄ ነው የሚቀድመው። ምላጭ አነሳሁና ቆረጥኳት። ደማች፣ ደረቀች፣ ተመልሳ መጣች። ደግሜ ቆረጥኳት። መድኃኒት ቤት ብሄድ ባለሙያው እግሬን ሳያይ ኪንታሮት ነው አለኝና የሚያቃጥል ፈሳሽ ሰጠኝ። በሱም አቃጠልኳት። ከዚያ በኋላ ቁስሉ አልደርቅ አለ፤ ከፋብሪካው ብጣሽ ጨርቅ እየወሰድኩ እጠቀልለው ጀመር። ፈታሽን ማን ይፈትሻል?

ቀጥሎ በግራ ብሽሽቴ እብጠት ወጣ። እኛ ዘንድ እግሩ የቆሰለ ሰው ብሽሽቱ ካበጠ ንፍፊት ነው ይባላል፤ ቁስሉ ሲድን አብሮ ይጠፋል፣ ካልጠፋ ይታሻል። እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ ንፍፊት ዘበኛ ነው፣ ክፉው ወደ ላይ እንዳያልፍ መንገድ ላይ ያንቀዋል ትል ነበር። ስለዚህ አልፈራሁም። ባሌ ጉታ የፉሪ ገበሬ ልጅ ነው፣ ሰበታ ከተማ ውስጥ ጋሪ ይነዳል። አጎቱ ኦቦ ቱሉ ስብራት የሚጠግኑ የታወቁ ወጌሻ ናቸው። በጋሪው ጭኖ እሳቸው ጋ ወሰደኝ።

ኦቦ ቱሉ ቅቤ ቀቡና በሁለት አውራ ጣታቸው እብጠቱ ላይ ተጫኑ። ጉታ ትከሻዬን፣ ሚስታቸው እግሬን ይዘዋል። ሦስት ልጅ ወልጃለሁ፤ እንደዚያ ያለ ሕመም አላውቅም። ጮኼ ጮኼ ድምፄ ሲዘጋ የጉታን ክንድ ነከስኩ። ሽማግሌው እያላባቸው «ጀባዱ፣ ጀባዱ» ይሉኛል፤ በርቺ ማለታቸው ነው። ሲጨርሱ ብሽሽቴ እንደ በለስ ቀልቶ ነበር። አመስግኜ ወጣሁ። ሰባት ጊዜ ታሸሁ። በቅን ልቦና ነው ያሹኝ፣ ዛሬም አልረግማቸውም፤ ግን እብጠቱ አንድ የነበረው ሦስት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ክሊኒክ መዞር መጣ። ሰበታ ያለው ክሊኒክ ኢንፌክሽን ነው ብሎ መርፌ ወጋኝ። ሌላው ደግሞ ወጋኝ። ቡራዩ የጉታ እህት ሰፈር ያለው ክሊኒክ እጢውን ዳብሶ የእጢ ቲቢ ይመስላል አለና ረጅሙን መድኃኒት አስጀመረኝ። ሽንቴ ብርቱካን ሆነ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ እጢው ንቅንቅ አላለም። ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ሴት ከዳቦዋ ቆርሳ ትሰጠኝ ነበር፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ሦስት ክሊኒክ ስዞር ጫማሽን አውልቂ ያለኝ ሰው አልነበረም። እኔም ተረከዜን አላነሳሁላቸውም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እያልኩ ሰው የምመክር ሴት፣ በምላጭ መቆራረጤ አሳፍሮኝ ዝም አልኩ።

የማስተር ፕላኑ ረብሻ የተነሳው በዚህ መሃል ነው። አዲስ አበባ ወደኛ ልትሰፋ ነው፣ መሬት ሊሄድ ነው የሚለው ወሬ ቤታችንም ገባ። የጉታ አባት ማሳ ዳር የቅየሳ ችካል ተተክሎ ነበር። ጉታ ነቅሎ አመጣና ጓዳ ውስጥ አቆመው። እኔ የፋብሪካ እንጀራ ነው የምበላው፣ ረብሻ እፈራለሁ። ተጣላን። አንድ ቀን ማታ በዚያው ችካል ልመታው ሰነዘርኩ፤ እግሬ ከድቶኝ ወደቅሁ። እሱ አንስቶ አልጋ ላይ አስቀመጠኝና ወጣ። የት እንደሚሄድ አልጠየቅሁትም፤ አለማወቄ ይሻለኛል ብዬ ነው።

ፋብሪካው የተቃጠለ ቀን የጠዋቱ ፈረቃ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከመንገዱ በኩል የሰልፈኛ ጩኸት መጣ፣ ቀጥሎ ድንጋይ። ድንጋዩ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲዘንብ ሰው ተናግሮ አይሰማማም። ሥራ አስኪያጁ በሩ ይቆለፍ፣ ማንም አይግባ ማንም አይውጣ ብሎ አዞ በጓሮ ሄደ። የጥጡ መጋዘን በእሳት ተያያዘ። የጥጥ ጭስ ሲታይ ነጭ ነው፣ ሲተነፍሱት ግን ሳንባ ውስጥ ቁጭ ይላል። ሴቶቹ ከየማሽኑ ሮጠው በሩ ላይ ተከመሩ፤ ከፊት ያሉት ብረቱ ላይ ተጣበቁ፣ አንዷ ወደቀችና ሌሎቹ ላይዋ ላይ ቆሙ። እኔ የፍተሻ ክፍሉን ግድግዳ ተደግፌ በአንድ እግሬ ቆሜያለሁ።

ቁልፉ ያለው ጋሼ ደምሴ አንገት ላይ ነው። ጋሼ ደምሴ የበሩ ዘበኛ ናቸው፤ የቀድሞ ወታደር፣ ስድሳ የተጠጉ፣ ዓመት ሙሉ ያንኑ ካፖርት የሚለብሱ። ቁልፉን ይዘው ወደ ውጭ አዩ፣ ወደኛ አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ከፈቱ። እኛ ስንወጣ ውጭ ያለው ሰው ገባ፤ በሩ ላይ ሁለት ጎርፍ ተገናኘ። ክንዴን የያዘኝ እጅ ነበር፤ ጎትቶ አወጣኝና ቦይ ውስጥ አስቀመጠኝ። ከኋላዬ መኪኖቹ ሲነድዱ፣ መስታወት ሲረግፍ እሰማለሁ። ቀጥሎ ተኩስ መጣ። አንድ ወጣት ሲሮጥ መጥቶ አጠገቤ በግንባሩ ተደፋ፤ ጫማው አንዱ ወልቆ ነበር፣ ካልሲው ተቀዷል። አልተነሳም። ጸጥታ አስከባሪዎቹ ሲደርሱ ጋሼ ደምሴ ካፖርታቸውን እንደለበሱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ቁልፉን እጃቸው ላይ አገኙት። በዱላ ጆሯቸው ላይ መቷቸው፣ ሲወድቁ አፋቸው ላይ ረገጧቸው። ሲጭኗቸው አየሁ። እኔ ቦዩ ውስጥ ነበርኩ፣ ድምፅ አላሰማሁም።

በሳምንቱ ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው መጀመሪያ የጠየቀኝ ያን ዕለት ባሌ የት እንደነበር ነው። የት እንደነበረ አላውቅማ! ጓዳ ውስጥ ያለው ችካል ታየኝ። ቀጥሎ በሩን ማን ከፈተ አለኝ። ቀና ብዬ «ጋሼ ደምሴ ናቸው» አልኩ። ጻፈ፤ ፈረምኩ። ስለ ጉታ ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ለምን ከፈቱ ብሎ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጨመርኩም። የጋሼ ደምሴ ሚስት እቤቴ መጥታ ያየሽውን ሁሉ ተናገሪላቸው ብላ ለመነችኝ። ታምሜያለሁ ብዬ በሩን ዘጋሁባት። ታምሜም ነበር።

ከዚያ በኋላ እግሬ መርገጥ እምቢ አለ። ጉታ ተበድሮ አዲስ አበባ ትልቁ ሆስፒታል ወሰደኝ። የመጠበቂያው ወንበር ሞልቶ ወለል ላይ ተቀምጠን ዋልን። ተራዬ ሲደርስ ጠና ያለች ዶክተር ብሽሽቴን ዳሰሰች። የቲቢ ወረቀቴን አነበበች፣ ከዚያ «ጫማሽን አውልቂ» አለችኝ። ብጣሹን ጨርቅ ስትፈታ እጇ አልቸኮለም። ከቁስሉ ትንሽ ቆርጣ ለምርመራ ላከች። ውጤቱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ አልናገርም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ሜላኖማ ሆነ፤ ከቆዳ ከጥቁር ነጥብ የሚነሳ ካንሰር ነው። ጥቁር ሰው ላይ እግር መዳፍ ሥር መውጣት ይወዳል አለችኝ፤ እዚያ ደግሞ ማን ያየዋል!

ዶክተሯ አልሸነገለችኝም። ካንሰሩ ከተረከዝ ተነስቶ ብሽሽት ደርሷል፤ ከብሽሽት ወደ ሆድ ካለፈ ቢላዋዬ አይደርስበትም አለች። ያለፈ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ተቆርጦ ወጥቶ ሲመረመር ነው። ቀን ተቆረጠልኝ። በምን መንገድ መጣ ብዬ ጠየቅኋት። ከደም ሥር ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ከሥጋ ውስጥ ውሃ የሚሰበስብ ቀጭን ቱቦ አለ፣ የሊምፍ ቱቦ ይባላል፤ እጢዎቹ የሱ ኬላዎች ናቸው፣ የሰውነት ወታደሮች እዚያ ይሰፍራሉ አለችኝ። እናቴ ዘበኛ ያለችው ለካ እውነት ኖሯል። ታዲያ ዘበኞቹ የት ሄደው ነው ያሳለፉት አልኳት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፣ ነርሷ ዞር ብላ አየችኝ።

«ከዘበኞቹ አንዳንዶቹ ናቸው መንገዱን የከፈቱለት» አለች ዶክተሯ።

«ከድተውኝ?»

«አልከዱሽም። እነዚህ ሴሎች ሥራቸው መዋጋት ብቻ አይደለም፣ ቁስል መጠገንም ነው። ቁስል ሲያዩ ሮጠው ይመጣሉ፣ እንዲድን ብለው ቱቦ ያሰፋሉ፣ አዲስም ያበጃሉ። ካንሰሩ የማይድን ቁስል መስሎ ይጠራቸዋል። እነሱ ሊያድኑሽ ብለው ነው የከፈቱት። ያለፈው ሌላ ነው።»

መቆራረጤንና ማሳሸቴን ያኔ ነገርኳት። ይሄን ያመጣው እሱ ነው ብዬ አልምልልሽም፣ ግን እንዲህ ያለ እጢ አይታሽም፣ ጥቁር ነጥብም በምላጭ አይነካም አለች። ያጠፋሁት ጊዜዬን ነው። ሌላ አገር እነዚያን ወታደሮች ከተታለሉበት የሚያነቃ መድኃኒት መውጣቱንም ነገረችኝ፤ እኛ ጋ ገና አልደረሰም። ይሄን ሁሉ ሰማሁ። በታክሲ ስንመለስ ግን አፌ ላይ የቀረው «ሊያድኑሽ ብለው ነው የከፈቱት» የሚለው ነበር። ጉታ ምን ታጉረመርሚያለሽ አለኝ። ያኔ አለቀስኩ፤ እሱ ካንሰሩን ፈርቼ መሰለው። ፈርቼም ነበር፤ ግን ዓይኔ ላይ የነበረው ጋሼ ደምሴ በሩ ላይ ቆመው ነው።

ለቀዶ ጥገናው የምገባበት ቀን በአድማ መንገድ ተዘጋ። ሚኒባስ የለም፣ ከተማው በሩን ዘግቷል። ጉታ ጋሪው ላይ ፍራሽ አነጠፈና አስተኝቶኝ ተነሳን። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እያልኩ ስሰድበው የኖርኩትን ሰው ያን ቀን አፍሬበታለሁ። ዓለም ገና ከተማ ሳንደርስ አስፋልቱ ላይ ጎማ ይነድዳል፤ ወጣቶች በዱላና በድንጋይ መንገዱን ይዘዋል። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ተሰባብሮ ሾፌሩ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ደሙ በጣቶቹ መሃል ይወርዳል። «ኤሳ ዴምታ?» ብለው ፈረሱን ያዙት፣ የት ትሄዳለህ ማለታቸው ነው። ጉታ ሚስቴ ታማለች አለ በኦሮምኛ። ያን ቀን ታምሜያለሁ የማይል መንገደኛ የለም መሰለኝ፣ ሳቁበት። አንዱ ጉታን ገፍቶ ከጋሪው አወረደው። ዱላ የያዘች አንዲት ወጣት ግን ወደኔ መጣችና በአማርኛ «ጫማሽን አውልቂ» አለችኝ።

አወለቅሁ። ፋሻውን ራሷ ፈታችው። ተረከዜን ስታይ ዱላውን ጣለችና ፊቷን አዞረች። ተመልሳ ጠቀለለችው፣ ጉታ ከጠቀለለው ይሻላል። ለጓደኞቿ አንድ ነገር ጮኸችባቸው፤ እሳት ያለበትን ጎማ በዱላ ገፍተው መንገድ ሰጡን። ከነሱ ወገን መሆናችን እንዲታወቅ ብላ ለምለም ቅጠል ጋሪው ላይ ሰካችልን። ያ ቅጠል እስከሚቀጥለው ኩርባ ረዳን። ኩርባው ጋ የነበሩት ወታደሮች ናቸው። አንዱ ቅጠሉን ነቀለና ጉታን በጠመንጃ ሰደፍ አገጩ ላይ አለው። ፍራሹን በሳንጃ ቀደዱት፣ እኔንም ፋሻዬን አስፈቱኝ። በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ተፈተሽኩ። ስንት ሴት በእኔ እጅ እንዲህ እየተንቀጠቀጠች እንዳለፈች ያኔ ገባኝ። ጉታ ጥርሱን ከነደሙ ተፍቶ ልጓሙን ያዘና «እንሂድ» ብቻ አለ።

ሆስፒታል የደረስነው ከሰዓት ነው፤ ተራዬ አልፏል። ዶክተሯ የጉታን አገጭ፣ የተቀደደውን ፍራሽ አየችና በማግስቱ ጠዋት አስገባችኝ። ተረከዜን እስከ ጤነኛው ሥጋ ቆርጣ ከጭኔ ቆዳ ለጠፈችበት። ብሽሽቴን ከፍታ እጢዎቹን አወጣች። ስነቃ ግማሽ አካሌ የሌላ ሰው ነበር፤ ከጎኔ የተንጠለጠለ ቱቦ ቀይ ውሃ ያወርዳል። ከአጠገቤ ያለችው የሱሉልታ ገበሬ ጡቷን የተቆረጠች ናት፤ መነሳት ስለማልችል ሽንት መቀበያውን እሷ ታቀብለኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ፀጉሯን አበጥርላት ነበር። ቁስሌ አንድ ጊዜ አመርቅዞ እንደገና ተከፈተ። ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። የታሸሁባቸው እጢዎች ካንሰር ነበሩ። ከነሱ በላይ ያሉት፣ ወደ ሆድ የሚያሳልፉት፣ ንጹሕ ናቸው። ዶክተሯ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፤ በመጀመሪያው ስላላመንኳት ነው።

ድኛለሁ ብዬ አልፎክርም። በየሦስት ወሩ እታያለሁ። እጢ የሌለው እግሬ ውሃ እያቆረ ያብጣል፣ ጠዋት ጠዋት በፋሻ አጥብቄ አስረዋለሁ። በዱላ እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ ግን።

መራመድ ስችል መጀመሪያ የሄድኩት ጋሼ ደምሴ ቤት ነው። ያለ ፍርድ ወራት ታስረው ተለቀው ነበር። የፊት ጥርሳቸው የለም፤ በግራ ጆሯቸው አይሰሙም፣ በቀኛቸው በኩል ተቀመጥኩ። ሚስታቸው አይታኝ ወጣች።

«ጋሼ፣ ስምዎን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ። ከፈተ አልሽ፣ ከፍቻለሁ። ውሸት የለበትም።»

«የቀረውን አልተናገርኩም።»

ዱላዬን አዩት፣ እግሬን አዩት። «ያኔም ታነክሺ ነበር» አሉ። «ቁልፉን ይዤ ትንሽ የዘገየሁት ባንቺ ነው። ከከፈትኩ ይረግጧታል ብዬ። ኋላ ክንድሽን እይዛለሁ አልኩና ከፈትኩ።»

ይቅርታ ጠየቅሁ። ይቅርታውስ ይሁን፣ ግን የሄድኩበት ሁሉ በር ከፋች ዘበኛ ማን ይቀጥራል ይሉኛል አሉ። በማግስቱ መርማሪው ጋ ሄድኩ። መዝገቡ ተዘግቷል፣ የሚጨመር ቃል የለም ብሎ መለሰኝ። ሆስፒታል ለበሽተኞች የሚሆን ነገር ጻፊ ስባል እሺ ያልኩት ለዚህም ነው።

እንግዲህ ሁለቱንም እጽፋለሁ። ማታ እግራችሁን ስትታጠቡ መዳፉን ገልብጣችሁ እዩት፤ አዛውንት ቤት ውስጥ ካሉ የእነሱንም እዩላቸው። የሚያድግ ጥቁር ነጥብ፣ የማይደርቅ ቁስል ካለ በምላጭ አትንኩት። ብሽሽት ላይ ያበጠ ካልጠፋ አታሳሹት። ሐኪሙ ጫማ አውልቁ ካላለ፣ ሳይባል አውልቁ። ማፈር እኔን ሊገድለኝ ነበር።

ለመርማሪው የሰጠሁት ቃል፣ በሩን የከፈቱት ጋሼ ደምሴ ናቸው የሚል ነበር። የቀረው ይኸው። በሩ ሲቆለፍ እኛ ውስጥ ነበርን፣ ጭሱ ሊጨርሰን ነበር። የከፈቱት ለእኛ ነው፤ የገባው ሌላ ነው። ክንዴን ይዘው በዚያ በር ያወጡኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ዘነበች አይቻለሁ፣ ፈርሜያለሁ።

ዘበኛ የምትፈልጉ ካላችሁ አንድ ሰው አውቃለሁ።